ኔልዳ ማክሰኞ ማክሰኞ

ዶሪስ ላንግ በኬብል ቴሌቪዥን ቢሮ የደንበኞችን ስልክ ማንሳት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። «ስዕሉ በረዶ በረዶ አለብኝ» ለሚላት ሁሉ «ከጀርባው ያለውን ገመድ ነቅለው መልሰው ይሰኩት፤ እኔ እጠብቅዎታለሁ» ትላለች። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ ትዕግሥቷ አያልቅም። ይህችው ሴት በሃያ ሰባት ዓመቷ ሰባት ቴሌቪዥኖችን በመዶሻ አድቅቃ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው፣ ከበሮ እየተመታ የቀበረች ናት ብትሏቸው፣ ከደንበኞቿ አንድም የሚያምናችሁ አታገኙም።

ነገሩ ግን እውነት ነው። የቬትናም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ አርባ የሚሆኑ ወጣቶች ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥተው፣ ቀለም የተቀባ አሮጌ አውቶቡስና ስድስት ፍየል ይዘው፣ ከኦተር ቤንድ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ሰፈሩ። ጦርነቱን፣ ሹመቱን፣ ሸቀጡን፣ ሁሉንም ጥለን ዓለምን እንደ አዲስ እንጀምራታለን አሉ። ስማቸውን ሳይቀር ጣሉ። ዶሪስ ራሷን ጁኒፐር ብላ ሰየመች፤ ጥድ ማለት ነው። ከታች በሸለቆው የሚኖሩት ዛፍ ቆራጮች በጅምላ «ፀጉራሞቹ» ይሏቸው ነበር። ፀጉራሞቹ ደግሞ የታቹን ሰዎች «መጋዞቹ» ይሏቸዋል።

ከፀጉራሞቹ መካከል አንሰል የሚባል፣ እጁ ሥራ የማይፈታ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበረ። የዶሪስ ፍቅረኛ እሱ ነው። ቴሌቪዥኖቹ በተቀበሩ ማግስት ማንም ሳያየው ጉድጓዱን ከፍቶ ደህና ደህናውን ዕቃ ለቃቀመ። ሲደረስበትም አላፈረም።

«ክፋቱ ከሳጥኑ አይደለም፤ ሳጥኑን ከያዘው ሰው ነው። እስቲ ደግሞ እኛ እንያዘው» አለ።

ከዚያ ከተቀበረው ዕቃና ጦር ሠራዊት ከጣለው ብረታ ብረት ማሰራጫ ሠራ፤ ኮረብታው ጫፍ ላይ የእንጨት ማማ አቆመ። በትከሻ የሚንጠለጠል መቅረጫ ያለው አንድ ካሜራም ከከተማ አስመጣ። ካሜራዋን የያዘችው ዶሪስ ናት። አንድ በጋና አንድ መኸር ሙሉ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ለዚያች ለአንዲት ሸለቆ ብቻ አሰራጩ። ፍየል ስትወልድ አሳዩ። ሁለት ሰዎች በድንች አተካከል ሲጣሉ፣ ሲሳደቡ፣ ሲታረቁም አሳዩ። አንድ ቀን አንድ ደመና ሲሄድ ሰዓት ሙሉ አሳዩ። በዚያው ክረምት ግን ማማው በነፋስ ሲወዛወዝ ሊያጠብቀው የወጣው አንሰል ወደቀና ሞተ። ልጁ ዶውን ገና የሰባት ወር ሕፃን ነበረች። የሸሪፉ ሰዎችም ፈቃድ የሌለው ጣቢያ ነው ብለው መጥተው ዕቃውን በሙሉ ጫኑት። ዶሪስ ጋ የቀረው በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር የሸሸገችው ካሜራና መቅረጫ ብቻ ነው። ማህበሩ ከዚያ በኋላ አልቆመም። አንዱ ኢንሹራንስ ሻጭ፣ አንዷ የጥርስ ሐኪም ሚስት፣ ሌላው የማይታወቅ ሆኖ ቀረ። ዶሪስ ግን ልጇን ታቅፋ ከኮረብታው ወርዳ፣ እዚያው ከመጋዞቹ መሃል ኖረች።

አንድ መስከረም፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቢሮው ገና እንደተከፈተ፣ አንድ ሽማግሌ ትልቅ ካርቶን አቅፎ በጀርባው በሩን ገፍቶ ገባ። ኦርቪል ሃጊንስ ነበር። ኦርቪልን በኦተር ቤንድ የማያውቀው የለም፤ ዕድሜውን በዛፍ ቆረጣ የፈጀ፣ ወገቡ ሲደክም ደግሞ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ ዶዘር የነዳ ሰው ነው። በዚያ በደጉ ዘመን ፀጉራሞቹን ባየ ቁጥር በመኪናው መስኮት የበግ መሸለቻ መቀስ አውጥቶ ያንቀጫቅጭላቸው ነበር።

«የኮረብታዋ ልጅ አንቺ ነሽ አይደል?» አላት።

«አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሚስተር ሃጊንስ።»

«ለእኔ ልጅ ነሽ። ይሄ ነገር የናንተ መሰለኝ።» ካርቶኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው።

ዶሪስ ከፈተችው። ጠፍጣፋ ሳጥኖች ተደራርበዋል፤ በየሳጥኑ አንድ አንድ ጥቅል ቴፕ። ጎናቸው ላይ በእርሳስ የተጻፈ አለ፤ ፊደሉ ወደ ግራ የተንጋደደ፣ ነፋስ የገፋው የሚመስል። የአንሰል እጅ ነው። ወንበሯን ሳታይ ተቀመጠች።

«ከየት አመጡት?»

«ከቆሻሻ ነዋ። የሸሪፉ ሰዎች አምጥተው ደፉትና ቅበር አሉኝ። ዶዘሩን አስነሥቼ አፈሩን ገፍቼ ደረስኩና አልሄድ አለኝ።»

«ዶዘሩ?»

«እኔ።»

ከካርቶኑ አንዱን መዝዞ ሰጣት። «ኔልዳ፣ ማክሰኞ» ይላል። ዶሪስ ቀና ብላ አየችው። ኔልዳ የኦርቪል ሚስት ናት፤ ከሞተች ስድስት ዓመቷ። በዚያ በጋ በየማክሰኞው ሽርጧን በቅርጫት ይዛ፣ የእግር መንገዱን እያለከለከች ወጥታ፣ በፀጉራሞቹ ጣቢያ ላይ የፖም ኬክ አጋገር ታስተምር ነበር። ካልሲ መጠገንም አስተምራለች። በመሃል በመሃሉ መዝሙር ትዘምራለች፤ ፀጉራሞቹንም ስለ ጥፍራቸው ትቆጣለች። «ባሌ የመዘምራን ልምምድ ላይ ነኝ ብሎ ነው የሚያውቀው፤ አደራችሁን» ትላቸው ነበር።

«እርስዎ… ያውቁ ነበር?» አለች ዶሪስ።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ጠርዙን በጣቱ አዞረው። «እሱን ተይው አሁን። የመጣሁበትን ልንገርሽ። ሐኪሙ ማስታወስህ እየሄደ ነው አለኝ። ጠዋት የሰማሁትን ከሰዓት አላገኘውም። እሱስ ይሁን፣ ከዜናው ብዙ የሚቀርብኝ የለም። የቸገረኝ ኔልዳ ናት። ፊቷን ላስብ ዓይኔን ስጨፍን ሌላ ሴት ትመጣብኛለች። ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ያቺ የሳሙና ማስታወቂያዋ! አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችው ሄዳ፣ ልብስ አጥባ የምትስቀዋ ቀረችልኝ።»

«ፎቶ የለዎትም?»

«ፎቶማ ሞልቶኛል። ፎቶ ላይ ቆማለች። ኔልዳ ቆማ አታውቅም።»

ዶሪስ ካርቶኑን በሁለት እጇ ወደ ራሷ ሳበችው።

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ መቅረጫውን ከብርድ ልብሱ ፈታ ጋራዥ ውስጥ አስቀመጠችው። አቧራውን ጠረገች፤ ያረጀውን ላስቲክ ለወጠች፤ ትንሽ ቴሌቪዥን ገጠመችበት። የኔልዳን መንካት ፈራች። ከሠላሳ አንዱ ጥቅል ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ነበር፤ «ባዶ ነው፣ በሱ ልሞክር» አለች። ሃያ ዓመት በኦርቪል እርጥብ የውሃ ፓምፕ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ቴፕ ግን ሙጫ ሆኖ ኖሯል። ሲሽከረከር እንደ ተያዘ የአሳማ ግልገል ጮኸ። ቡናማ ዱቄት እየተላጠ በመሣሪያው ላይ ተበተነ። በቴሌቪዥኑ ላይ መጀመሪያ በረዶ ታየ። ከዚያ ለሦስት ሰከንድ፣ ከሦስት ለማይበልጥ ሰከንድ፣ የአንድ ወንድ ጉልበቶች፣ በጉልበቶቹም ላይ ተቀምጣ እጇን የምታጨበጭብ ሕፃን። ከዚያ እንደገና በረዶ። ቆመችና ቁልፉን መታችው፤ ዘግይታ ነበር። የቴፑ ገላ ተልጦ አልቋል፤ በጣቷ ስትይዘው እንደ ላስቲክ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ወለሉ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ዶውን ከሥራ ስትመለስ እዚያው አገኘቻት። ዶውን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ በሸለቆው የፖም ማድረቂያ መጋዘን ነው የምትሠራው።

«እማ፣ ምን ሆነሻል?»

መደበቅ ይቻል ነበር። ዶሪስ ግን ነገረቻት። «አንቺና አባትሽ ነበራችሁ። እኔ በገዛ እጄ አጠፋኋችሁ።»

ዶውን አጠገቧ ተቀመጠች። አባቷን የምታውቀው በሁለት ፎቶና በእናቷ አፍ ነው። «ምን እያደረግኩ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«እያጨበጨብሽ።»

«በቃ፣ ተደስቻለሁ ማለት ነዋ። ተነሽ። ቀሪው ሠላሳ ነው አይደል?»

ሰኞ ዶሪስ ድሮ በኬብሉ ድርጅት ይሠራ ለነበረ ጡረተኛ ቴክኒሽያን ደወለች። ሰውየው በስልኩ ውስጥ ሲያስነጥስ፣ ሲያስብ ቆየና «ማሞቅ ነው» አላት። «እርጥበቱን ከውስጡ ማስወጣት። ግን ምድጃ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ይቀልጣል። እጅሽን አስገብተሽ ሳትጨናነቂ ልትቆሚ የምትችይበት ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ፣ ሳይወጣ ሳይወርድ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር አጫውቺው። አንዴ ይጫወትልሻል። ሁለተኛውን ቃል አልገባልሽም። ስለዚህ እያየሽ ወደ አዲስ ካሴት ገልብጪው።»

«ቀኑን ሙሉ እኩል የሚሞቅ ነገር ከየት አመጣለሁ?» አለች ዶሪስ ለልጇ።

ዶውን ሣቀች። «እማ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ምን ሳደርግ የምውል ይመስልሻል?»

እንግዲህ የኔልዳ ቴፕ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀጭን የፖም ቁራጮች ጎን፣ በወንፊት መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ ዋለ፣ አደረም። ዶውን በየሰዓቱ ቴርሞሜትሩን ታያለች። እናትና ልጅ አጠገቡ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ እንደ ሁልጊዜው ወሬው ወደ አንሰል ሄደ።

«ድምፁን ንገሪኝ እስቲ» አለች ዶውን። ከልጅነቷ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደጠየቀች አይቆጠርም።

«ወፍራም ነበር። ከደረቱ ነው የሚወጣው። ሲናገር ሩቅ የሚሄድ ከባድ መኪና ይመስል ነበር። ቀስ ብሎ ነው ቃሉን የሚጥለው።»

እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ ኦርቪል ተጠርቶ መጣ። የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሷል፤ ጺሙን ሲላጭ አገጩን ሁለት ቦታ ቆርጧል። መጋዘኑ ሠራተኛ የለበትም፤ ሽታው ፖም ብቻ ነው። ዶሪስ መሣሪያውን በሳጥን ላይ አቁማ፣ ገልባጩን ገመድ ሁለት ጊዜ አይታ፣ ሽማግሌውን ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«አንዴ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ሚስተር ሃጊንስ። ዓይንዎን እንዳይነቅሉ።»

«ሞልቶ የፈሰሰ ዓይን የለኝም፤ ያለኝን እዚያ እተክለዋለሁ» አላት።

ቁልፉን ተጫነችው። ቴፑ አልጮኸም። ዝም ብሎ፣ ለስለስ ብሎ ዞረ። በረዶው ተገለጠና ጥቁርና ነጭ ብርሃን ወጣ። ያ አሮጌ አውቶቡስ፤ በፊቱ ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት፤ ከዱቄቱ ኋላ ወፈር ያለች ሴት እጅጌዋን ጠቅልላ ሊጡን ታሻለች።

«ቅቤው ቀዝቃዛ መሆን አለበት» አለች ኔልዳ። «ቅቤው ከሞቀ ኬኩ ጫማ ይሆናል። ጫማ መብላት የምትፈልጉ ሱቅ ሂዱ።»

ኦርቪል ወንበሩን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሴትዮዋ አልቆመችም፤ እውነቱን ነበር። ትከሻዋ ይናገራል፤ ቅንድቧ ይናገራል፤ ዱቄት ያለበት ክንዷ ፀጉሯን ከግንባሯ ይገፋል፤ ግንባሯ ነጭ ይሆናል፤ አታውቅም።

«አንተ ጢማም!» አለች ወደ ካሜራው ጎን እየተመለከተች። «ሊጤን ልትነካ ነው? እጅህን ታጥበሃል?»

«ሁለቴ ታጥቤያለሁ፣ እማማ» አለ አንድ ሰው። አይታይም። ድምፁ ቀጭን ነው፤ በአፍንጫ የሚወጣ፣ መሃል ላይ የሚሰበር።

«ማነው እሱ?» አለች ዶውን።

ዶሪስ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። «አባትሽ ነው» አለች።

«ወፍራም ነው አላልሽኝም?»

ብላለች። ሃያ ዓመት ብላለች፤ ሃያ ዓመትም አምናዋለች። አሁን ይህ ቀጭን ድምፅ ከሳጥኑ ወጥቶ ጆሮዋን ሲነካው፣ ያ ከደረት የሚወጣው ድምፅ የማን እንደሆነ ወዲያው አወቀችው። ልጅ ሆና አባቷ ማታ ማታ በቴሌቪዥን ከሚያየው የካውቦይ ትርዒት ውስጥ የነበረ አንድ ሽጉጥ ታጣቂ ሸሪፍ ነው። የሞተው ፍቅረኛዋ ድምፅ ቀስ በቀስ ሲጠፋባት፣ ባዶ ቦታው ላይ እሱ ገብቶ ተቀምጦ ኖሯል። እሷም አላባረረችውም። እውነተኛው ሲመጣ ብቻውን አልመጣም፤ የተሸረፈችው ጥርሱ መጣች፤ ሲስቅ ትከሻውን የሚሰብቀው መጣ፤ የብየዳ ሽታው መጣ። ያን ሁሉ ዘመን የት እንደነበረ እግዜር ይወቀው።

ዶውን ግን እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ ነበር። «እማ! የኔ ድምፅ እኮ ነው! ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ‹ጉንፋን ይዞሻል እንዴ› የሚሉኝ!»

«ዝም በሉ እባካችሁ» አለ ኦርቪል።

በሳጥኑ ውስጥ ኔልዳ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ኮረብታው ጠርዝ ሄዳለች። ከዚያ ሸለቆው ቁልቁል ይታያል። ቆመችና በእጇ ከፀሐይ ተከለለች።

«ያ የኔ ቤት ነው። አንቺ ልጅ፣ ያን ነገር ወዲያ አዙሪው እስቲ። ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር አለ።»

ስዕሉ ተወዛወዘ፤ ሰማይ ጠቀሶቹ ዛፎች አለፉ፤ ከታች ትንሽ ጣሪያ መጣ። ከዚያ ቀረበ፤ ደግሞ ቀረበ። ጣሪያው ላይ አንድ ሰው አለ። አንቴናውን በሁለት እጁ አቅፎ እንደ ዳንሰኛ ያዞረዋል። በታች ቴሌቪዥኑን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ትንሽ ያዞራል፤ በሆዱ ተኝቶ ከጣሪያው ጠርዝ አንገቱን አስግጎ ወደ መስኮቱ ያያል፤ ይነሣል፤ ደግሞ ያዞራል። አንቴናው ቀስ እያለ ዞሮ ቀጥ ብሎ ወደ ኮረብታው ሆነ።

«ማነው፣ እማማ?» አለ የአንሰል ድምፅ።

ኔልዳ ዓይኗን አጥብባ አየች። «ኦርቪል ነው» አለች። «እኛን እኮ ነው የሚፈልገው። እኔን ነው።»

ዶሪስ ያን ቀን ካሜራውን የያዘችው ራሷ ናት፤ ይህን ያየች በራሷ ዓይን ናት። ጨርሶ ከአእምሮዋ ጠፍቷል። ቤት ያየች መስሏት፣ ጣሪያ ያየች መስሏት አልፋዋለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የሽማግሌዎች ፍቅር አይታያትም ነበር።

«ወደኔ መልሺው» አለች ኔልዳ።

ፊቷ ሳጥኑን ሞላው። ዱቄቱ ግንባሯ ላይ ነው። ዓይኖቿ ቀጥ ብለው ወደ መጋዘኑ፣ ወደ ወንበሩ፣ ወደ ሽማግሌው ያዩ ነበር።

«ኦርቪል፤ ያ ጣሪያ በቀኝ በኩል በስብሷል፤ እንዳትረግጠው። አንገትህን ብትሰብር የምቀብርህ እኔ ነኝ።» ትንሽ ሳቀች፤ ሳቋም ተሰበረ። «አንተ አትናገርም፤ እኔ ልንገርህ። ማታ ስመጣ ምንም አልልህም። መዘምራን ነበርኩ እላለሁ። አንተም መጋዝ ስሞርድ ዋልኩ በለኝ። እንዲሁ እንቀጥል፤ ደስ ይላል። ግን እንዳየሁህ እወቅ። ሃያ አምስት ዓመት አብሬህ ስኖር ጎኔ ተቀምጠህ አይተኸኛል፤ ጣሪያ ላይ ወጥተህ የምትፈልገኝ አልመሰለኝም ነበር። በል ውረድ። ቀስ ብለህ።»

ዱቄታም እጇን አነሣችና አወዛወዘች። ከዚያ ፍየል መጣ፤ ሣር የሚያኝክ ፍየል፤ ቴፑም አለቀ።

ዶውን ቁልፉን ዘጋች። ሽማግሌው ተነሣ፤ ወንበሩን ይዞ ቆመ፤ ከፖም መደርደሪያው እስከ በሩ ሄደ፤ ተመለሰ።

«ፍየል ነበር» አለ።

«ምን አሉ?»

«ወርጄ መስኮቱ ጋ ስደርስ ፍየል ነበር የሚታየው። ‹አመለጠችኝ› ብዬ ተናደድኩ። ፍየሉን ሰደብኩት።» ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «በየማክሰኞው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ አንቴናውን ወደ ቦታው እመልሰው ነበር፤ እንዳታውቅብኝ። ማታ ራት ላይ ‹መዘምራኑ እንዴት ዋሉ?› እላታለሁ። ‹ዛሬስ ጥሩ ዘመርን› ትለኛለች። በሆዴ እስቅ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት፣ እስክትሞት ድረስ፣ ብቻዬን የምስቅ መስሎኝ!»

«እሷም ትስቅ ነበር» አለች ዶሪስ።

«ትስቅ ነበር እንጂ! ሾርባዋን ስትጠጣ ትንታ ይይዛት ነበር። ትንታ እኮ አልነበረም!» ብሎ ሳቀ፤ ያ ትልቅ ሰውነቱ እየተናጠ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ቁጭ አለ። «ሃያ አንድ ዓመት ፈጀ» አለ በዝግታ። «ሃያ አንድ ዓመት ፈጅቶ ደረሰኝ።»

ከማድረቂያው የሚወጣው ሙቅ አየር ብቻ ይሰማ ነበር። ዶሪስ ባዶውን፣ ግራጫውን መስታወት ተመለከተች። በወጣትነቷ ያደቀቀችው ሳጥን፣ በጎልማሳነቷ ገመዱን ሰኩት የምትልለት ሳጥን፣ ዛሬ ሁለት ሙታንን አምጥቶ ፊት ለፊቷ አቁሞ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካሴቱን እንየው፣ ተገልብጦ ይሆን?» አለች። ተገልብጧል።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘኑ ቴፕ ያደርቅ ጀመር። ከሠላሳው ሃያ ሁለቱ ዳኑ፤ ስምንቱ ዱቄት ሆነው ቀሩ። በኅዳር አንድ ከሰዓት በገበሬዎች ማህበር አዳራሽ ለሁሉም አሳዩአቸው። ከፀጉራሞቹ ዘጠኝ መጡ፤ ፀጉር የቀረለት አንዱ ብቻ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ራሷን በድንቹ ጠብ ላይ ስትሳደብ አይታ በሳቅ ከወንበሯ ወረደች። መጋዞቹ በአንድ ወገን፣ የኮረብታው ሰዎች በሌላው ወገን ተቀምጠው ነበር፤ ያ የደመናው ትርዒት ሲመጣ ግን አንድ አሮጌ ዛፍ ቆራጭ «ይሄን ቀን እኔ አስታውሰዋለሁ! እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ሙሉውን አይታዋለች» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ወዲያ የማን ወገን የት እንደሆነ አልተለየም።

ኦርቪል ሁለት ክረምት ቆየ። አእምሮው ሐኪሙ እንዳለው ሆነ፤ መጀመሪያ ሰፈሩ ጠፋበት፤ ከዚያ ወራቱ፤ ከዚያ ሹካው። ዶውን ከሥራ ስትወጣ እየዞረች ካሴቱን ታሳየው ነበር። የሳሙናዋ ሴት ከዚያ ወዲያ አልመጣችበትም፤ ይህን ራሱ ደጋግሞ ነግሯታል፣ የነገራት መሆኑን እየረሳ። በመጨረሻው ወር የኔልዳን ስም እንኳ ሲጠይቁት አያውቀውም ነበር፤ ግን ዱቄታሙ እጅ ሲወዛወዝ የሱም እጅ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ይወዛወዝ ነበር። ሲሞት ዶሪስና ልጇ የሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል ነበሩ።

በዚያ ጸደይ ዶሪስ በቪዲዮ ካሴት የሚቀርጽ ቀለል ያለ አዲስ ካሜራ ያዘች። ቢሮውን አልተወችም፤ ቅዳሜዎቿን ግን ለዚህ ሰጠች፦ በሸለቆው ያሉ አዛውንቶችን ሁሉ፣ መጋዝ ሆነ ፀጉራም፣ ከመርሳታቸውም ከመረሳታቸውም በፊት ልትቀርጽ። የመጀመሪያው በር የኢንገ ሶረንሰን ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ለእንጨት መሰንጠቂያው ሠራተኞች ምግብ ያበሰለች፣ ሰማንያ የሞላት፣ ምላሷ የማይፈራ ሴት። ዝናብ ይዘንብ ነበር።

«ምን ልናገር ነው የምትይው?» አለች በበሩ ክፍተት።

«ያሻዎትን። ልብዎ ያለውን።»

«ልቤ ያለውንማ ቄሱ ሰምቶ ታሟል። ቆዪ እስቲ፣ ፀጉሬን ላበጥር።»

በሩ ተዘጋ። ዶሪስ ካሜራውን በካፖርቷ ሸፍና በረንዳው ላይ ቆመች። ሃያ ደቂቃ ሆነ። ውስጥ ዕቃ ይንኳኳል፤ ቧንቧ ይከፈታል፤ አንድ ነገር ወድቆ ይሰደባል። በመጨረሻ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሴትዮዋ ፀጉሯን አልነካችውም። እንፋሎቱ ፊቷን የሸፈነው አንድ ድስት የድንች ሾርባ በሁለት እጇ ተሸክማለች።

«ግቢ፣ በስብሰሻል» አለቻት። «መጀመሪያ ትበያለሽ። ከዚያ ታነሺኛለሽ።»